ልጄን ለሦስት ላካፈሏት ክቡር ዳይሬክተር

ለተከበሩ ዶክተር ፕሬስኮት ኤልስዎርዝ፣ የብራምዌል ኮሌጅ የተማሪዎች ቅበላ ዳይሬክተር፤

ጤናዎ እንደ ኮሌጅዎ ሣር የለመለመ፣ ወገብዎም በዚያ ሁሉ የማመልከቻ ክምር ላይ ሲያጎነብሱ የማይታመም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጃኔል ሆስቴትለር፣ እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ከኮሌጅዎ አጥር የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ የምኖር፣ ለሃያ ሁለት ዓመታት በከተማችን የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆኜ የማገለግል ተራ ሰው ነኝ። ስለ ፈተና ያለኝ እውቀት ከእርስዎ ጋር እንደማይወዳደር አላጣሁትም።

ልጄ ዊላ በነርስነት ትምህርት ክፍልዎ ለመማር አመልክታ ነበር። የመግቢያ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ተፈትና፣ ከሠላሳ ስድስት መጀመሪያ አሥራ ዘጠኝ፣ ቀጥሎ ሃያ ስድስት፣ በመጨረሻ ሠላሳ አንድ አመጣች። ክፍሉ የሚጠይቀው ሃያ ስምንት ነው። እርስዎ ግን ሦስቱን ደምረው ለሦስት አካፍለው፣ ሃያ አምስት ከምናምን የምትባል፣ እኛ ቤት ኖራ የማታውቅ ልጅ ፈጠሩና እሷን አልቀበልም አሉ። ለድካምዎ ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ ሆኖ፣ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

አንደኛ፦ የመጀመሪያውን ፈተና ዊላ ፈልጋ አልወሰደችውም፤ ግዛታችን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችን አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰብስቦ አስፈተናቸው። ታማ ነበር፣ ወንበሩ ይወዛወዝ ነበር እያልኩ ሰበብ እንድደረድር ጠብቀው ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አልታመመችም። አታውቀውም ነበር። ከዚያ የእረፍት ጊዜዋን ሙሉ የወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅራ አጠናችና አወቀችው። ይህ ነገር መማር ይባላል፤ ኮሌጅ ሲያየው የሚለየው መስሎኝ ነበር፣ ተሞኘሁ።

ሁለተኛ፦ ለመጠየቅ ስደውል ጽሕፈት ቤትዎ ያለችው ትሁት ወጣት፣ “ወይዘሮ፣ እኛ እኮ የምናየው ሙሉውን ልጅ ነው” አለችኝ። ግሩም ነው! ኮሌጅዎ ራሱን በዚሁ ዓይን ቢያይስ? በርዎ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ “በመኝታ ቤት ንጽሕና አንደኛ” ይላል፣ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የተገኘ፤ ከሥሩ “በቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ” ይላል፣ እሱም ስድስት ዓመቱ ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት የት እንደገቡ ቢነግሩኝ ደስታዬ ነው።

ሦስተኛ፦ ዊላ ደብዳቤዎን አንብባ፣ “እማ፣ ታዲያ ጥፋቴ መጀመሪያ አለማወቄ ነው?” አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወድቆ ያለቀሰ ሰው ሳጽናና የምለው “ተለማምደህ ና” ነው። እሷ ግን ተለማምዳ መጥታለች። ተናደድኩ፣ ክቡርነትዎ፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።

በእኔ መሥሪያ ቤት ተፈታኝ በአምስት ምሰሶዎች መካከል ወደ ፊት ነድቶ በኋላ ማርሽ ይመለሳል። ምሰሶ የጣለ ይወድቃል፤ ተለማምዶ ይመጣል። ያለፈ ዕለት ፈቃዱን እሰጠዋለሁ፣ ፈቃዱም ላይ ስንቴ እንደወደቀ የሚጻፍበት ቦታ የለም። እኔን የሚመለከተኝ ሰውየው ዛሬ መንዳት መቻሉ ነው።

ስለዚህ ውሳኔዎን እንደገና እንዲያዩት እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ። ዊላ አራተኛ አትፈተንም፤ የሚታይ ነገር ካለ ሠላሳ አንዷን ይዩ። አሥራ ዘጠኟንም አናፍርባትም፤ ማቀዝቀዣችን በር ላይ ጎን ለጎን ለጥፈናቸዋል።

ከታላቅ አክብሮትና ምንም ካልተካፈለ ንዴት ጋር፣
ጃኔል ሆስቴትለር
ሠላሳ አንድ ያመጣችው የዊላ እናት

ማስታወሻ፦ የተፈታኝ ገበና አላወጣም፤ ስለዚህ እርስዎ ከትልቁ ከተማ ወደ እኛ በመጡበት ዓመት ለመንጃ ፈቃድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ፣ በየጊዜውም ስንት ምሰሶ እንደጣሉ እዚህ አልጽፍም። ብቻ በመጨረሻው ቀን አንዱንም ሳይነኩ ተመልሰው፣ ላብዎን እየጠረጉ፣ “አሁንስ ቻልኩ አይደል?” ብለውኝ ነበር። “ችለዋል” ብዬ ፈረምኩ። ያን ዕለት ደምሬ ባካፍል ኖሮ ዛሬም ቢሮዎ የሚገቡት በእግርዎ ነበር።