ገላና ያልነበረበት ጨዋታ

ጅማ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሱሀይላ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ልጄ። የሻርጃ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እናትሽም ደህና ናት፣ ዝናቡም ገብቷል። ድምፄን ስትሰሚ “ለእማ ስጣት” ብቻ ስለምትይኝ ዘንድሮ በወረቀት መጣሁብሽ። የጎረቤታችን ልጅ ናኢማ ሐሙስ ስለምትበር በእጇ ታደርስልሻለች። ፊደሌ እንደ ሱቅ ታፔላ መግዘፉን አይተሽ አትሳቂ፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ። ብቻ ሳትጨርሺው አትቅደጂው። ፈርቻለሁ ሱሀይላ። ሃያ ዓመት ሙሉ አጥቂ እግሩን አንስቶ ሲመጣብኝ ያልፈራሁት ሰውዬ፣ ይችን ደብዳቤ ለመጀመር ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ወሬውን ልንገርሽ። እሁድ ዕለት ከበረኝነት ተሸኘሁ። የቡና መፈልፈያው ቡድን ጋቢ አለበሰኝ፤ በርጩማም ሸለመኝ፣ እንግዲህ ቁጭ በል ማለታቸው ነው። ከዚያ ሜዳውን ዙር አሉኝ። ፊት ለፊቴ ያሉት ቆመው ሲያጨበጭቡ አየሁና ደስ ብሎኝ እጄን እያውለበለብኩ ዞርኩ። ቤት ስንገባ እናትሽ አለቀሰች። ምነው መድና ብላት ነገረችኝ፤ በግራና በቀኝ የነበረው ደጋፊ ለካ ጀርባውን አዙሮብኝ ነበር። እኔ አላየሁትም። ለሰው ጀርባ ሳውለበልብ ዋልኩ።

ፀጉር አስተካካዩን አብዱልፈታሕን ታስታውሺዋለሽ፤ ከዚያች ጨዋታ ወዲህ ወንበሩ ላይ አስቀምጦኝ አያውቅም። እሱ መጥቶ እጄን ያዘኝ።

“አብራር፣ ሃያ ዓመት ጠብቀህልናል፤ ገለቶሚ። ስለዚያች ቀን ደግሞ እኔ አውፍ ብዬሃለሁ” አለኝ።

እኔም አሚን አልኩ። ባልሠራሁት ጥፋት ይቅርታ ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ።

ያቺን ቀን አንቺም አትረሻትም። 2011፣ ወደ ላይኛው ሊግ የምናልፍበት ጨዋታ ነበር። በዝናቡ ምክንያት አርፍዶ ስለጀመረ ሊያልቅ ሲል መሽቶ ነበር፣ ሰማዩም ጠቁሯል። ኳሷ ከሩቅ ተመትታ ቀስ እያለች መጥታ በአጠገቤ አለፈች። እኔ ንቅንቅ አላልኩም። ሕፃን የሚይዛት ኳስ ነበረች። ከተማው በሙሉ ጨዋታውን ሸጠው አለ። በዚያው ክረምት የቤታችንን ቆርቆሮ ስለቀየርን የሚጠራጠርም አልተገኘ፤ የእናትሽ እቁብ ነው ብንል ማን ይስማን። ትምህርት ቤት “የሻጩ ልጅ” ብለውሽ መጣሽና ፊቴ ቆምሽ። “አባ፣ ወላሂ በል፤ ሸጥከው?” አልሽኝ። ዝም አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ አባ ብለሽኝ አታውቂም።

ወላሂ አልሸጥኩትም። ኳሷን አላየኋትም።

ዓይኔ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይከዳኝ ነበር። ቀንም ቢሆን ከጎን የሚመጣውን አያሳየኝም። ይህን የሚያውቅ ተከላካያችን ገላና ብቻ ነው። ከፊቴ ቆሞ “ቢታ!” ሲል ወደ ግራ፣ “ሚርጋ!” ሲል ወደ ቀኝ እወረወራለሁ። ደጋፊው ገላና ጯሂ ነው እያለ ይስቅበት ነበር። ያን ቀን ገላና ከእረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ። እኔ የእሱን ድምፅ እየጠበቅሁ ቆሜ ቀረሁ።

ለምን አልተናገርክም ትዪኛለሽ። ዕውር በረኛ ማን ያሰልፋል? ሌባ ያሉኝ ግን ማስረጃ ስላጡ አላባረሩኝም። ስድብ ሆድ አይቀድም ብዬ ዋጥኩት። በእኔ ምትክ አንቺ ትምህርት ቤት አንገትሽን ስትደፊ እያየሁ ዋጥኩት። እውነት የሸጥኩት ነገር ካለ ያ ነው፤ ይቅር በይኝ። ገላና አምና ጉልበቱን ታሞ ወደ አገሩ ወደ ሰርቦ ገብቶ እርሻ ያዘ። እኔም ያለ እሱ ጥቂት ቆሜ በቃኝ አልኩ። ሰዉ ያለ ገላና አይሆንለትም ይለኛል፤ ምን ያህል እውነት እንደሆነ አያውቅም።

አሁን ወደፈራሁት ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ከእናትሽ ጋር ስታወሪ አጠገቧ ነበርኩ። መንጃ ፈቃድ ልታወጪ፣ የአሠሪዎችሽን ልጆች ከትምህርት ቤት ልታመላልሺ መሆኑን ነገርሻት። ከዚያ እየሳቅሽ፣ “እማ፣ እዚህ ሲመሻሽ ደረጃው ይጠፋኛል፤ ሁለቴ ወደቅኩ” አልሽ። እናትሽ ሙቀቱ ነው፣ ውሃ ጠጪ አለችሽ። እኔ ተነስቼ ጓሮ ወጣሁ። እኔንም የጀመረኝ እንዲሁ ነው።

በጥር ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ከዳር ከዳር እየጠበበ የሚሄድ በሽታ ነው፣ በዘር ይወረሳል አለኝ። ልጅ አለህ? ሲለኝ አንዲት አለችኝ አልኩት። አስመርምራት አለኝ። አራት ወር ዝም አልኩ። ዓይኗ የእናቷ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። አያትሽ ሊሙ ገነት ቡና ሲለቅሙ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ይገቡ ነበር፤ እኛ ልጆቻቸው ጅብ ይፈራሉ እያልን እንስቅባቸው ነበር። አላህ ይማራቸው፣ እኛንም።

ልጄ፣ ሳትመረመሪ መሪ አትጨብጪ። እስከዚያው ይህን አድርጊ፦ አንድ ነገር ፊት ለፊት እያየሽ ሁለት እጅሽን ወደ ጎን ዘርግተሽ ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ። ከታዩሽ አባቴ ፈሪ ነው ብለሽ ሳቂብኝ፤ በዚያ ሳቅ ዕድሜዬ ይረዝማል። ካልታዩሽ ደውዪልኝ። በየትኛውም ሰዓት ደውዪ፣ ለእናትሽ አልሰጥም። ሐኪሙ ምን እንዳለኝ፣ ደረጃ እንዴት እንደሚወረድ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ።

ሰው ንጹሕነቱን ልጁ እንድታውቅለት ይመኛል። እኔም ስድስት ዓመት ስመኝ ኖሬ፣ ዛሬ ስጽፍልሽ ደስታ አላገኘሁበትም። ምነው እሁድ ጀርባቸውን ያዞሩብኝ ሰዎች ልክ በሆኑ ሱሀይላ። ምነው ሌባ በሆንኩ። ሌብነት እኔው ላይ ይቀር ነበር።

አላህ በግራሽም በቀኝሽም ይጠብቅሽ፤ የዓይንሽን ብርሃን አይንሳብኝ።

አባትሽ
አብራር ቲጃኒ