ከዝናቡ ስለተረፈው የአቶ ቶፊቅ የብቃት ምስክር ወረቀት

ይድረስ ለተከበሩ የወረዳችን መሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የቢሮዎ ጣሪያ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከርሟልና ጉንፋን እንዳይዝዎ ዱዓ አድርጌያለሁ። እኔ ዘይና ኑርሁሴን፣ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጨፋ ላይ ባለችን ማሳ ልጆች የማሳድግ ነኝ። በአደባባይ መጻፌ ምስጋናው ለእርስዎ ብቻ ስለሚበዛ ነው።

አንደኛ፦ አምና የይዞታ ደብተሮቻችንን ሰብስባችሁ፣ «ኮምፒውተር ገብቷል» ብላችሁ ስላቃጠላችሁልን እናመሰግናለን። ከሸክም ገላገላችሁን።

ሁለተኛ፦ ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው አቶ ቶፊቅ የብቃት ምስክር ወረቀት እንዳለው በስብሰባ ነግራችሁ አስጨበጨባችሁን። ከልቤ አጨብጭቤያለሁ። የወረዳ ሕዝብ መሬት በእጁ የሚይዝ ሰው እንደ ሐኪም ተፈትኖ ማለፉ ተገቢ ነው፤ ዛሬም አሳቤን አልቀየርኩም። ኋላ ግን ራሱ አቶ ቶፊቅ በቅንነት፣ «እትዬ ዘይና፣ የፈተናው ቀን መብራት ስላልነበረ በጽሑፍ ብቻ ነው ያለፍነው» አለኝ። ኮምፒውተር ሳይነካ ማለፉ ብርቱ ተማሪ መሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛ፦ እኛ ጨፋዎች የቦርከና ወንዝ ሲሞላ እንዳይወስድብን የዘር ማሽላችንን ግማሽ ደጋ ዘመድ ቤት እናስቀምጣለን። የእናንተም ባለሙያ አቶ ቶፊቅ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባውን የመሬት መዝገባችንን ቅጂ አዘጋጅቶ ነበር። ዳሩ ግን የመንግሥት ንብረት ያለ መውጫ ፈቃድ ከግቢ አይወጣምና፣ ፈቃዱም አልተፈረመምና፣ ቅጂውን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ደርቦ አኖረው። የሐምሌ ዝናብ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አገኛቸው። ደግነቱ በመስታወት ተሠርቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምስክር ወረቀት ጠብታ አልነካውም።

አራተኛ፦ መዝገቡ መጥፋቱን የባለቤቴ ወንድም አብዱልጀሊል ከእኔ ቀድሞ ሰማ። የማሳዬን ድንበር አልፎ እስከ ቤቴ ደጃፍ አረሰው። ብከሰው ፍርድ ቤቱ «የይዞታ ማስረጃ አምጪ» ይለኛል፤ ቢሮዎ «ሲስተም የለም፣ ሌላ ቀን ይምጡ» ይለኛል። አንድም ሠራተኛ ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ስለ ትሕትናቸው አላህ ይስጣቸው።

ማሳዋን ለልጆቼ ማቆየት ባልችል እንኳ ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት አቆያለሁ። ደረቅ ወንበርና ረጅም ሹመት እመኝልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ዘይና ኑርሁሴን

ማስታወሻ፦ ማክሰኞ ችሎት አለኝ። ከቢሮዎ የተረፈው ወረቀት የአቶ ቶፊቅ ብቻ ነውና እባክዎ ለአንድ ቀን ያውሱኝ። የእኔ ስም የለበትም፤ ማሳዬም የለበትም። ማኅተሙ ግን ደህና ነው።