የእናቴን ፊት የቆረጥኩበት ሳምንት

ረቡዕ፣ ጥር 13 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ጠዋት 4 ሰ.
የጥምቀት ፎቶ እያተምኩ ሳለ አባቴ ከአርብ ገበያ ተነስቶ ፎቶ ቤቴ ድረስ መጣ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። ደብተሬ፣ ላንቺ ግን አንቱታ የለም።
የሠርጉን ፎቶ ይዟል። ጥቁርና ነጭ፣ እሱና እናቴ። እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ፤ ሌላ ፎቶ የላትም። አዲሷ ሚስቱ ግድግዳ ላይ እያየቻት እንቅልፍ አጣች አለኝ። የእናቴን ፊት አውጥቼ የእሷን እንዳስገባ ነው። ያውም ጨለማ ክፍል በሚታጠበው በዱሮው ወረቀት፣ የዱሮ እንዲመስል። ለአስተርዮ ማርያም ዝክር እንግዳ አለባቸው።
እሺ አልኩ። ምላሴን በቆረጠው።

ዓርብ፣ ጥር 15
ሚስቲቱ ከአባቴ ጋር ንፋስ መውጫ፣ ፎቶ ቤቴ መጣች። በሦስት ዓመት ብትበልጠኝ ነው። ፎቶው ላይ የእናቴን ቀሚስ ወደደችው። ቀሚሱ ይቆይ፣ ፊቱ ብቻ ይቀየር አለች። አባቴ ሳቀ።
በዲጂታሉ ሦስቴ አነሳኋት። አስቀያሚ የወጣችበትን መረጥኩ።

እሑድ፣ ጥር 17
ሁለት ቀን የጠፋው መብራት መጣ። ፎቶውን ስካን አደረግሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የእናቴን ፊት ዙሪያውን ቆረጥኩ። አንገቷ ጋ ስደርስ ምስሉን አጉልቼ ቀጠልኩ። አላለቀስኩም። አባቴ ትከሻ ላይ ያለው የእሷ እጅ ነው፤ አልነካሁትም።

ሰኞ፣ ጥር 18
የሚስቲቱን ፊት ያስገባሁበትን ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ ነጋቲቭ አድርጌ አተምኩ። ጨለማ ክፍል ገብቼ ላስቲኩን ወረቀቱ ላይ አስተኛሁ፣ ብርሃን ሰጠሁት፣ ምስል የሚያወጣው መድኃኒት ውስጥ ነከርኩት። መጀመሪያ የአባቴ ካፖርት ወጣ። ቀጥሎ የሴትዮዋ ዓይን። የሠላሳ ዓመት ባልና ሚስት ይመስላሉ። ጥሩ ባለሙያ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19
አባቴ ሙከራውን አይቶ ደስ አለው። ለነገ ትልቁን አድርሺልኝ አለ። ከዚያ የዱሮውን ፎቶ አንስቶ ለአራት ቀደደው። እንዲቀደው ሚስቱ አስምላዋለች። የሞተ ተጎዳ አለኝ፣ እየሳቀ። ስካኑ እንዳለኝ አያውቅም።
እሱ እንደወጣ የእናቴን ለራሴ አተምኩ። ብርሃን እንዳያጠቁረው የሚያደርገው መድኃኒት ፊክሰሩ ነው፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ ውስጡ አቆየሁት።

ረቡዕ፣ ጥር 20፣ ከቀኑ 7 ሰ.
ትልቁን አተምኩ። ፊክሰሩ ውስጥ ከተትኩት፣ እስከ አምስት ቆጠርኩ፣ አወጣሁት። አጥቤ አደረቅሁ፣ ፍሬም ውስጥ አስገባሁት።
ለነገ እንግዳ ያምራል። ፋሲካ ሳይደርስ ይጠቁራል። እሷም፣ እሱም። የእናቴም እጅ። የእጇን ነገር አስቤበታለሁ። እናቴም ከዚያ ቤት ትውጣ።
አባቴ መጣ፣ በሩ ላይ ጫማውን ያራግፋል። ይመርቀኛል። አሜን እላለሁ።