ከአሮጌው ዲስክ የወጣው መንገድ

ውድ ልጄ ደሊል፣

ደብዳቤ መጻፍ አልለመድኩም። ለእናትህ እንኳ ሻሸመኔ ባደርኩ ቁጥር እደውልላት ነበር እንጂ አንድ መስመር ጽፌላት አላውቅም። አንተ ጋ ግን ስልክ አይደርስም። ሰሞኑን ቤታችን የሆነውን ደግሞ ለሌላ ሰው ባወራው የሚገባው አይመስለኝም።

ኮምፒውተርህ ካንተ በኋላም ይሠራ ነበር። የምከፍተው እኔ ነኝ። የምነዳትን አይሱዙ ከሸጥን ወዲህ ከሰዓት በኋላ የምይዘው ነገር የለኝም። ከዙሁር ሰላት እንደተመለስኩ ክፍልህ እገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ድምፁን ዝቅ አደርግና ያን የጭነት መኪና ጌም እከፍታለሁ። ይሄ ሽማግሌ ጌም ይጫወታል ቢባል የፍራንኮ ሰፈር ሰው ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ።

ነገሩን የጀመርነው ኩላሊትህን በምትታጠብበት ክፍል ነው። ክንድህ ከእጥበት ማሽኑ ጋር ተያይዞ፣ ግማሽ ቀን በጀርባህ ተኝተህ፣ "አባ፣ መንገዱን ንገረኝ" ትለኛለህ።

"የቱን?"

"ስኳር ጭነህ የምትሄድበትን። ከወንጂ ሻሸመኔ።"

እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እነዳልሃለሁ። ሞጆን፣ ቆቃን፣ ድልድዩን፣ መቂን፣ በየመንገዱ ዳር የተከመረውን የሽንኩርት ጆንያ፣ ዝዋይን። "ባቱ በል እንጂ አባ" ትለኛለህ። "ለኔ ዝዋይ ነው" እልሃለሁ። ቤት ስንመለስ፣ አቅም ባገኘህ ሰዓት፣ የነገርኩህን ኮምፒውተሩ ላይ ትሠራዋለህ። ሰው በሠራው ጌም ላይ የራስን ነገር መጨመር ሞድ ይባላል ብለህ አስረድተኸኛል። እኔ የማየው ግን ከቤት መውጣት ያቃተው ልጄ አባቱ የዞረበትን አገር አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ ሲያስገባ ነበር።

መንገድ የምታመለክተውን የፈረንጅ ሴትዮ ድምፅ አውጥተህ የራስህን ከተትክበት። "ሾፌር፣ ወደ ግራ።" "ሾፌር፣ ፍጥነት ቀንስ፣ አህያ አለ።" የመጨረሻዎቹን ስትቀዳ ትንፋሽ ያጥርህ ነበር፤ "ቀጥ ብለህ ንዳ" የሚለውን መሃሉ ላይ ቆመህ፣ አየር ስበህ ነው የጨረስከው። ከቀበርንህ በኋላ ያን ድምፅ በየቀኑ ሰምቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እናትህ የሐዘኑ ድንኳን እንደተነሳ "ይህን ማሽን ከቤቴ አውጡልኝ" ብላ ስለነበር ለእሷማ ጨርሶ አላነሳሁትም።

ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩ ቋ ቋ ማለት ጀመረ። ጓደኛህን ኑሬን ጠራሁት፤ አሁንም ፖስታ ቤት አካባቢ ባለችው ሱቁ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። መጥቶ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ፊቱ ተለወጠ።

"አባባ፣ ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው።"

"አይድንም?"

"ይሄ አይድንም። ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ ማዛወር ነው ያለብን፤ አሁኑኑ።"

እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አውቃለሁ። ሐኪምህም "የራሱ አይድንም፣ ከሌላ ሰው ማዛወር ነው" ብሎን ነበር። እኔን መርምረው፣ ስኳሬንና ግፊቴን አይተው፣ "የእርስዎ ኩላሊት ለራስዎም አይበቃም" ብለው መለሱኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆመህ "እንኳን ቀረ አባ፤ ማን ይነዳልናል?" አልከኝ። ስቄልህ ወጣሁ። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘግቼ ያለቀስኩትን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

ኑሬ ሱቁ ሄዶ አዲስ ዲስክ ይዞ ተመለሰ። "የምንፈልገው ሁለት ፎልደር ነው" አለኝ። "አንዱ ሴቩ ነው፤ እርስዎ ነድተው ያቆሙበት ቦታ የሚቀመጥበት። አንዱ ሞዱ ነው፤ ደሊል የሠራው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ጌሙን ከኢንተርኔት መልሼ አወርደዋለሁ። እነዚህን ግን ከየትም አላመጣቸውም።"

"አንተ ጋ የለም? አልሰጠህም?"

"ሳልጨርሰው አላሳይም ብሎኝ ነበር።"

ሴቩ ወዲያው ተሻገረ። ሞዱን ሲጀምር ማሽኑ መንቋቋት ያዘ። በስክሪኑ ላይ የሚሄደው አረንጓዴ መስመር ትንሽ ተራምዶ ቆመ። ኑሬ ላብ አጠመቀው።

"ድምፆቹ ያሉበት ፎልደር አልነበብ አለ" አለኝ። "እሱ ላይ ሙጭጭ ካልኩ ዲስኩ እዚሁ ሊቀር ይችላል። ዲስኩ ከሞተ ደግሞ መንገዱም አብሮ ጠፋ። ልዝለለውና መንገዱን ላስቀድም፣ ወይስ ድምፁን ልሞክር?"

"አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?"

"እኔን አይጠይቁኝ አባባ። በአላህ እኔን አይጠይቁኝ።"

ልጄ፣ አንድ ጊዜ ፍሬን እምቢ ብሎኝ በዓይን ጥቅሻ ከገደልና ከአፈር ክምር መምረጥ ነበረብኝ፤ መርጫለሁ። እንዲህ ያለ ምርጫ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። መንገዱ እጅህ አብጦ፣ እግርህ አብጦ የሠራኸው ሥራህ ነው። ድምፁ አንተው ነህ። መንገዱ ይውጣና ወደ ድምፁ እንመለሳለን ብዬ ራሴን አሳመንኩት።

"ዝለለው" አልኩት።

መንገዱ ተሻገረ። ኑሬ ወደ ድምፁ ሲመለስ ዲስኩ ጮኸ፣ ደግሞ ጮኸና ጸጥ አለ። ነቅሎ ሰካው። ገመዱን ለወጠለት። ምንም የለም። በመጨረሻ በሁለት እጁ እንዳቀፈው አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ይቅር ይበሉኝ አባባ።"

"አንተ ምን አጠፋህ" አልኩት። እሱም እንደኔ ያንተ ሐዘንተኛ ነው።

ከመሄዱ በፊት ጌሙን ከአዲሱ ዲስክ ከፈተልኝ። በር ላይዋ ስሜን የጻፍክባት ሰማያዊዋ አይሱዙ መቂ መግቢያ ላይ፣ ካቆምኳት ቦታ፣ ቆማለች። ተቀምጬ ነዳሁ። መገንጠያው ጋ ስደርስ ጠበቅኩ። ማንም ምንም አላለኝም።

በማግስቱ ከሰላት መልስ እንደ ልማዴ ገባሁ። ብዙም ሳልነዳ በሩ ተከፈተ። እናትህ ናት። ካንተ ወዲህ እዚያ ክፍል እግሯን አስገብታ አታውቅም። ደፉ ላይ ቆመች።

"ዛሬም ዝም አለ?" አለችኝ።

"ማን?"

"ልጄ ነዋ!"

"ታውቂ ነበር እንዴ ዋፊቃ?"

"ግድግዳው እኮ ጭቃ ነው ኡበይደላ። አንተ በሩን ስትዘጋ እኔ በወዲያ በኩል ፍራሹ ላይ እቀመጣለሁ። 'አህያ አለ' ሲልህ እሰማለሁ። መሃል ላይ የሚስባትን ትንፋሽ እጠብቃታለሁ። ትናንት ዝም ሲል ኑሬ ስላለ ነው አልኩ። ዛሬስ?"

"ማሽኑን አውጡልኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ብያለሁ። እንዳላወጣኸው ሳይ ደግሞ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ።"

ነገርኳት። የዲስኩን፣ የኑሬን ጥያቄ፣ የመለስኩለትን፣ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳት።

"ሁሉም ጠፋ?"

"ሁሉም።"

መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

"ለምን አልጠራኸኝም?" አለች። "ያን ሲጠይቅህ እኔ እዚሁ ጓሮ ነበርኩ። ብትጠራኝ ድምፁን በለው እልህ ነበር።"

በሩን ዘግታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ዓይኔን ግን አታይም። እኔም ማሽኑን አልነካሁትም። በዚህ ቤት ካንተ ሞት በኋላ እንኳ እንዲህ ያለ ዝምታ አልነበረም። ያኔ ቢያንስ አብረን ነበር የምናለቅሰው።

ዛሬ ጁምዓ ነው። ከመስጊድ ስመለስ ከሳሎን ወንበር ይዛ መጥታ ክፍልህ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት።

"የመረጥከውን አሳየኝ" አለችኝ።

ከፈትኩላት። ከመቂ ተነስቼ ወደ ዝዋይ ነዳሁ። ድምፅህን ከግድግዳ ጀርባ ስትሰማ ኖራ መንገድህን ግን አይታው አታውቅም ነበር። ግራሮቹን አየች፣ ትቢያውን፣ በስተግራ ብቅ ጥልቅ የሚለውን ሐይቅ አየች።

"ይህን ሁሉ የሠራው እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

"በዚያ አቅሙ?"

"በዚያ አቅሙ።"

እኔ ሁልጊዜ ዝዋይ ደርሼ ነበር የምመለሰው። ዛሬ እሷ "ሂድ" ስላለችኝ ቡልቡላን አልፌ ላንጋኖን አልፌ ሄድኩ። አርሲ ነጌሌ ሳንደርስ አስፋልቱ አለቀ። እንደተቀደደ ጨርቅ ተቆርጦ ቀርቷል። ከዚያ ወዲያ ግራጫ ሜዳ ብቻ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ሰማይ እንኳ የለውም።

"ምነው ቆምክ?"

"የሠራው እስከዚህ ነው።"

ግራጫውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ "ሞተሩን አጥፋው" አለችኝ። አጠፋሁት። ሁለታችንም እጃችንን ዘርግተን እዚያው ፋቲሃ ቀራንልህ። "አሚን" አለች። ከወንበሯ ግን አልተነሳችም፤ ይህን ስጽፍልህም አጠገቤ ናት።

ይቅር ብላኛለች አልልህም። አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። የመረጥኩት ትክክል ይሁን አይሁን የማውቀው አላህ ሲያገናኘን፣ ካንተው ከአፍህ ነው። እስከዚያ ኑሬ መንገዱን በሌላ ሁለት ዲስክ ላይ ያስቀምጥልኛል፤ አንዱን እናትህ ከልብሶቿ ጋር ቆልፋ ታስቀምጠዋለች።

መኪናዋን ወደ ዝዋይ ልመልሳት መሪውን ስጠመዝዝ እናትህ እጄን ያዘችኝ። "አታዙራት፣ እዚያው ትደር" አለች። እዚያው ሴቭ አድርጌያታለሁ። ነገ ስንከፍተው የምንነሳው ከዚያ ነው።

አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ፣ ልጄ።

አባትህ ኡበይደላ
አዳማ