ከታች የቆረጥኩት ጥላ

ሲቀላ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

የጌታ ሰላም ከደጅሽ እስከ ጓዳሽ ይሙላ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ላንቴ ሰሞኑን ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አንቺኑ አሰብኩ። ዘሪቱ የላክኩትን ቅባት ሳላሽላት አላድርም ብላ ብትምልልኝም፣ እህቴን ስለማውቃት አላመንኳትም። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ከሲቀላ ላንቴ ስንት መንገድ ሆኖ ነው ደብዳቤ የምትጽፈው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ሦስት ጊዜ ጀመርኩልሽ፣ ሦስቴም ዘጋሽብኝ። ቤት ስመጣ ደግሞ ሙዝ ታጎርሺኝና አፌ ሲሞላ ወሬ ትቀይሪያለሽ። ደብዳቤ ግን አያቋርጡትም። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው፤ ዘሪቱ እንዳታነብልሽ።

ጉዳዩ የቅዳሜው ነው። የድሮዎቹን ፎቶዎች በሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ለከተማው ሰው ላሳይ መሆኑን ነግሬሻለሁ። ባነሩም ታትሞ፣ «ፎቶግራፍ አንሺ፦ ዳልጮ» ተብሎ በአባባ ስም ተሰቅሎ ነበር። ያ ስም ልክ አይደለም፣ እማዬ። ልክ አለመሆኑን ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ የምፈልገው ትክክለኛውን ስም እንድጽፍ እንድትፈቅጂልኝ ነው።

አባባ በሞተ በወሩ ያንን የብስኩት ቆርቆሮ ከአልጋ ሥር አውጥተሽ ላንቺ ይሆናል ብለሽ ሰጠሽኝ። ስትሰጪኝ ፊትሽን ወደ ግድግዳው እንዳዞርሽ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ስከፍተው በትንንሽ ፖስታ የተለየ ኔጋቲቭ ሞልቶበታል፤ በየፖስታው ላይ በአባባ ጽሕፈት ቀኑ አለ። የአባባ ስቱዲዮ ጉርድ ፎቶና የሠርግ ፎቶ መስሎኝ ነበር። የመንገድ ፎቶ ሆኖ ተገኘ። አንዷ ጃንጥላዋን እንደያዘች ጭቃ ትዘላለች። የአውቶቡስ ሹፌር ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ በጎን መስታወቱ ጢሙን ይላጫል። ነጠብጣብ ቀሚስ የለበሰች ኮረዳ የሱቅ በር ተደግፋ ማንንም ከቁብ አትቆጥርም። ከሰዎቹ ጀርባ ደግሞ ያ የዱሮ የሱቅ ጽሑፍ አለ፤ በብሩሽ የተጻፈ፣ ሆዱ የተነፋ ፊደል።

እንጀራዬ ከዚያ ቆርቆሮ ወጣ። ከዚያ በፊት የኔ ማስታወቂያ ቤት ከጎረቤቱ በምንም አይለይም ነበር፤ ሁላችንም ያንኑ የኮምፒውተር ፊደል እናትማለን። እኔ ግን ከፎቶዎቹ ላይ ፊደሉን ቀዳሁ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙን አይናገርም፤ ከሸማኔዎቻችን ጥበብ፣ ከድንጉዛ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ወስጄ ሰጠሁት። ዘሪቱ ሙዝ የምትጭንበት ካርቶን ላይ ያለችው ባለ ጃንጥላ ሴት ከዚያ ናት። ልኩራ እንጂ፣ ዛሬ ከሐዋሳ ድረስ መጥተው ታፔላ የሚያሠሩኝ አሉ! የዳልጮ ልጅ፣ ዓይኗ የአባቷ ነው ይሉኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ አዎን፣ የአባቴ ነው እላለሁ።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ ላይ፣ ከታች በኩል፣ የአንሺው ጥላ ወድቆበታል። አባባ ካሜራ ሲያስተምረኝ የመጀመሪያ ትእዛዙ፣ ፀሐይ ከጀርባሽ ስትሆን ጥላሽን ከፎቶው አርቂ የሚል ነበር። ታዲያ እሱ ራሱ እንዴት እንዲህ ይሳሳታል ብዬ አልጠየቅኩም። በችኮላ ነው አልኩና የአባቴን ጉድለት ልሸፍን እያንዳንዱን ከታች እየቆረጥኩ ተጠቀምኩበት። ሰባት ዓመት ሙሉ ስቆርጥ ኖርኩ።

ያዳነችኝ ሰሊሆም ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ እዚሁ የቀረችውና አብራኝ የምትሠራው ልጅ። ለቅዳሜው ፎቶው ሳይቆረጥ ሙሉው ይታተም ብላ ተከራከረችኝ። የአባቴን ስህተት ለሕዝብ ላሳይ ወይ ብዬ ተቆጣኋት። እሷ ግን ግትር ናት፤ አንዱን በትልቁ አትማ ጠበቀችኝና፣ ይኼ ጥላ ቀሚስ ለብሷል እኮ አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅኩባት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቀሚስ ነው። አንገቱን ደፍቷል፣ ክርኖቹ ወደ ጎን ወጥተዋል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ የታዘለ ልጅ አለ። 

በማግስቱ ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ጋሽ ኦይታ ሄድኩ። በአንዱ ላይ ድንጉዛ ትከሻው ላይ ጥሎ የሚስቀው ጎረምሳ ሸማኔ እሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዳልጮ ፊት ቆመው ፎቶ እንዳልተነሱ ማሉልኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ ዳልጮ ፊልምና ወረቀት ሊገዛ ለሦስት ቀን ሶዶ በሄደ ቁጥር ሚስቱ ልጇን አዝላ፣ ሣጥን የመሰለ ነገር ደረቷ ላይ ይዛ ገበያውን ትዞር ነበር አሉኝ። አንገቷን ደፍታ ስለምትሄድ ምን ያለች ጨዋ ሴት ናት እንል ነበር አሉ። እማዬ፣ ሳቄ አመለጠኝ! ያ ካሜራ እኮ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታይበት። እነሱ ጨዋነትሽን ሲያደንቁ፣ አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ለካ አንድ በአንድ እየለቀምሻቸው ነው።

አባባ ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል። እሱ ፊት ሰው እንደ ምሰሶ ነው የሚቆመው። አንቺ ጋ ሰው ያኮርፋል፣ ይከራከራል፣ ጥርሱን ይፍቃል። የገበያውን ሁሉ ነፍስ የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ያውም ማንም ሳያስተምርሽ፣ በሰረቅሽው ሦስት ቀን። አሁን ዓይንሽ የማን ነው ብለው ሲጠይቁኝ የእናቴ ነው እላለሁ፤ ስለው ደግሞ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኛል።

ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት፣ የሞተ ሰው ስም አይነጠቅም፣ ባሌን በአደባባይ አላዋርድም ብለሽኛል። እሱ ግን አልወሰደብሽም። የስቱዲዮው ፖስታዎች ሁሉ «ፎቶ ዳልጮ» የሚል ማኅተም አላቸው። ያንቺዎቹ የላቸውም። ፊልሙን ራሱ አጥቦ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ከራሱ ሥራ ለይቶ አኑሮልሻል እንጂ ማኅተሙን አላሳረፈበትም። የነጠቅኩሽ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምመልሰውም እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የታዘለው ልጅ እኔ መስሎኝ ነበር። ለሰሊሆም፣ ለጋሽ ኦይታ፣ ሱቅ ለገባ ሁሉ፣ እናቴ እኔን አዝላ ነው ያነሳችው እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ። በኋላ ፎቶዎቹን ግድግዳ ላይ ለመስቀል ስንዘጋጅ ፖስታዎቹን በየቀናቸው ደረደርኳቸው። 1961 ይላሉ። እኔ የተወለድኩት በ1963 ነው፤ በኩር እየተባልኩም ነው ያደግኩት። የመጨረሻው ፖስታ መስከረም 1962 ነው። ውስጡ አንድ ኔጋቲቭ ብቻ አለ፤ ወደ አባያ የሚወስደው መንገድ፣ ሰው የሌለበት። ጥላሽ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጀርባሽ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ወዲህ ፖስታ የለም። ካሜራውን ለምን እንደማትነኪው ስንት ዓመት በልጅነቴ ጠየቅኩሽ፤ ሥራ በዛብኝ ነበር መልስሽ። ከእንግዲህ አልጠይቅሽም።

የአባባን ስም የያዘውን ባነር አውርጄዋለሁ። ስምሽ ያለበት አዲሱ ታትሞ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ያለ ቃልሽ አልዘረጋውም። ቅዳሜ ጠዋት ከዘሪቱ ጋር ነይ። መጀመሪያ ተቆጪኝ፣ ከዚያ ግቢና እይው። መግቢያው ላይ ትልቁ ፎቶ አለ፤ ከታች አልተቆረጠም። ከሥሩ አንሺዋ አንቺ መሆንሽን በእጄ ጽፌ፣ «ከልጇ ጋር፦» ካልኩ በኋላ የአንድ ስም ቦታ ባዶ ትቻለሁ። የታዘለው ልጅ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላውቅም። ብሩሹን አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ።

ጉልበትሽን ጌታ ያጽናልሽ። ዕድሜሽን እንደ ላንቴ ሙዝ ያለምልመው፤ ያነሳሽው ሁሉ በሰው ፊት ሲከብር ቁጭ ብለሽ እይ።

አክባሪሽና ኩሩዋ፣
ሁለተኛ ልጅሽ