በፈቃዷ ለቀቀች

ሰኞ፣ ጠዋት
ዩኒፎርሜን ለብሼ ልወጣ ስል ትዝ አለኝ። ሥራ የለም። ልጄን ት/ቤት አድርሼ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። እዚህ አገር መንግሥት ሥራ ላጣ ሰው የሚሰጠውን የሥራ አጥ ክፍያ ጠይቄ መልሱ መጣ፦ አይገባሽም። ለምን? በፈቃዷ ለቀቀች። በፈቃዴ! ሰማሽ ማስታወሻዬ?

በማጸዳበት ሆቴል አንድ እንግዳ የእጅ ሰዓቴን ሰረቀችኝ አለ። ሰዓቱ ከአልጋው ሥር ተገኘ። ማናጀሯ ግን ከእንግዳ ጋር ተጨቃጭቀሻል ብላ ልታባርረኝ ተነሣች። ሱፐርቫይዘሬ ጋሽ ታደሰ ኮሪደር ላይ ጠሩኝ። የልጄ የክርስትና አባት ናቸው። ዛሬውኑ ልታባርርሽ ነው፣ ስምሽ ከሚበላሽ ራስሽ ለቀቅሁ በይ አሉኝ። እሺ ጋሼ አልኩ። ማናጀሯ ቢሮ ገብቼ ለቀቅሁ አልኩ። ሞኝ!

ማክሰኞ፣ ከሰዓት
የክፍያ ጥያቄዬን ላየችው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ደወልኩ። ጥፋት ሳይኖርብሽ ቢያባርሩሽ ይከፈልሽ ነበር፣ ራስሽ ከለቀቅሽ ግን በቂ ምክንያት አምጪ አለች። ማን አስገደደሽ? አለችኝ። ማንም። ትልቅ ሰው መክሮኝ፣ አክብሬ ነው። ይሄን በእንግሊዝኛ ብለው ብለው የማይረባ ሆነብኝ። ይግባኝ አልኩ።

ሐሙስ፣ ማታ
ጋሽ ታደሰ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ብርቱካን ይዘው። ይግባኙን ማን እንደነገራቸው እንጃ። ስማቸውን እንዳላነሣ ነው ልመናው፤ ጡረታቸው ተቃርቧል፣ ሆቴሉ ከሰማ ያባርራቸዋል። አንደኛው ሽማግሌ አበልጅ በአበልጁ ላይ አይመሰክርም አለ።

ኪራዬንስ ማን ይክፈል? አልኩ። ጋሽ ታደሰ ምንጣፉን ያያሉ። ደሜ ፈላ። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩላቸው። በሕይወቴ ሽማግሌ አስወጥቼ አላውቅም።

ዓርብ
አልበረደልኝም። ለእኔ ስም የተጨነቁት ሰውዬ ለራሳቸው ስም ሲሆን ሽማግሌ ይልካሉ። ከራስ በላይ ነፋስ። ሲሻኝ ደግሞ ያሳዝኑኛል፤ ልጄ ሲታመም ሆስፒታል ያደሩት እሳቸው ናቸው። ሲያሳዝኑኝ ይብስ እናደዳለሁ። ይሉኝታ ኪራይ አይከፍልም። ኪራዩ ካልተከፈለ ከዚህ ቤት መውጣታችን ነው።

ሰኞ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ረፋድ
የይግባኙ ችሎት በስልክ ነው። አሁን አለቀ። ዳኛዋ መጀመሪያ ማናጀሯን ሰማች፦ ራሷ ለቀቅሁ አለች፣ ማንም አልገፋፋትም። ቀጥሎ እኔ። ልቀቂ ያለሽ ሰው አለ ወይ? አለችኝ። አለ አልኩ፤ ካልለቀቅሽ ዛሬውኑ ትባረሪያለሽ ያለኝ የቅርብ አለቃዬ። ስሙ? ነገርኳት። ስሙ አልያዝ አላት። ፊደሉን አንድ በአንድ ንገሪኝ አለች።

የልጄን የክርስትና አባት ስም ፊደል በፊደል አስያዝኳት።