ዝንቅና የፋሲካው ቅርጫ

ማክሰኞ

እሺ ማለት አልነበረብኝም። ጋሽ በቀለ ደረጃው ላይ ያዙኝና «ሜሪ፣ ያ በኮምፒውተር የምታማቺበት ነገር የቅርጫ ዕጣ ያወጣል?» አሉኝ። ያወጣል አልኩ።

ያ ነገር ዝንቅ ነው። በትርፍ ጊዜዬ የጻፍኳት ትንሽ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም። ሁለት ዓይነት ቃል ከተሰጣት በዘፈቀደ አጋብታ የሚያስቅ ዝርዝር ታወጣለች። የዛሬው፦ የባጃጅ ጎመን። የደላላ ጸሎት። የዣንጥላ ጉንፋን። ከዚህ ያለፈ ጥቅም የላትም።

የጋሽ በቀለ ጉዳይ ግን ቀልድ አይደለም። በገና ቅርጫ ዕጣ የጣሉት እሳቸው ነበሩ። ዕጣ ጣይ ፊቱን ማዞር አለበት። ጋሽ ሐጎስ በሰው ፊት «የሥጋ መደቡን እያየህ ነው የጣልከው» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። የእኔ ቤት በሁለቱ መካከል ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ቡልቡላ ውስጥ ዘመዶቼ እነሱ ናቸው፤ ዓመት በዓል የምንውለውም በአንድ ማዕድ ነበር። ዘንድሮ የማን ቤት እንደምበላ አላውቅም።

ረቡዕ

ሕማማት ስለሆነ መጨባበጥም መሳሳምም የለም። ሁለቱ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ኩርፊያ አይመስልም። እሁድ ግን ይታወቃል።

ቅርጫ የገቡትን ሰዎች ስም በፊደል ተራ አስገብቼ ሞከርኩ። ጋሽ ሐጎስ አንደኛ። ደገምኩ፤ አንደኛ። ደገምኩ፤ ሁለተኛ። እንደገና አንደኛ። ለካ ዝንቅ በደንብ አታማታም፤ ከላይ የገባ ስም እዚያው መቅረት ይቀናዋል። ለባጃጅ ጎመን ማን ግድ አለው? ጋሽ በቀለ ይህን ቢያዩ ግን «ማሽኑንም የራሱ አደረገው» ነው የሚሉት።

ሐሙስ

የማማቻውን ኮድ አውጥቼ ጣልኩት። አሁን ስሞቹን ከከረጢት እንደማውጣት አንድ በአንድ ትመዛለች። ጋሽ ሐጎስ አንዴ መሃል፣ አንዴ መጨረሻ። ደስ አለኝ።

አትላስ ሰፈር ያለው ቢሯችን ውስጥ አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ «ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ። «በሬ» አልኩት። አላብራራሁም።

ዓርብ

ስግደት። ጉልበቴ የእኔ አይመስለኝም። ሁለቱም እዚያው ደብር ነበሩ፣ በተለያየ ዛፍ ሥር።

ቅዳሜ

በሬው መጣ፤ ከብሎኩ ጀርባ ታስሯል። ጋሽ ሐጎስ አስቆሙኝ። «ዕጣው በኮምፒውተር ነው አሉ። አንቺ ነሽ የምታወጪው?» አዎ አልኩ። «አንቺ ከሆንሽ ይሁን» ብለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

የሁለቱም ባለቤቶች ለነገ ምሳ ጠሩኝ። ለሁለቱም እሺ ብያለሁ። ፈሪ ነኝ።

እሁድ

ተዋረድኩ።

ሥጋው በየመደቡ ተደልድሎ፣ ሰው ሁሉ ከቦ፣ ላፕቶፑን በርሜል ላይ አስቀምጬ ነካሁት። ስሞቹን በትክክል አማታች። ከየስሙ ጎን የመደብ ቁጥር መጻፍ ሲገባት ግን የቀልዱን ቃላት ጻፈች፤ ማጥፋቱን ረስቼው ኖሯል። እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀምሬያለሁ፦ «ጋሽ ሐጎስ፣ የሊፍት ምላስ።»

የጋሽ ሐጎስ ፊት ተለወጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ጋሽ በቀለ ወደ እኔ አልዞሩም። ወደ ጋሽ ሐጎስ ዞረው፣ «ሊፍታችን ምላስ ቢኖረው ይሄኔ ሰድቦን ነበር» አሉ። ሊፍቱ ሕንጻው ከተሠራ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም።

ጋሽ ሐጎስ መሳቅ አልፈለጉም፤ አመለጣቸው። «ለአንተስ ምን ደረሰህ?»

አነበብኩ፦ «ጋሽ በቀለ፣ የዘበኛ ጨጓራ።» ዘበኛችን ሆዱን ያዘ።

ሳቁ ሲበርድ ላፕቶፑን ከደንኩት። እንደ ድሮው ሰው ሁሉ በመደቡ ላይ የሚጣልለትን ምልክት አወጣ፤ ቁልፍ፣ ስንጥር፣ ማበጠሪያ። ማን ይጣል ሲባል ጋሽ ሐጎስ ቀድመው «በቀለ ይጣል» አሉ።

ጋሽ በቀለ ምልክቶቹን ተቀብለው ፊታቸውን አዞሩ። ጋሽ ሐጎስ ትከሻቸውን ይዘው ወደ ሥጋው መለሷቸው።

«እያየህ ጣል» አሏቸው።

አሁን ሁለቱም በራፌ ላይ ቆመው ምሳው የማን ቤት ይሁን እያሉ ይከራከራሉ። ድምፃቸው ከፍ ብሏል። ርቦኛል፤ ግን ትንሽ ይጩኹ ብዬ አልወጣሁም።